የእናት ሁለት ካርድ

ታላቅየዋ የክሊኒኩን የታካሚዎች ዳታቤዝ ብቻዋን ከሠራች ስምንት ዓመት ሆኗታል። ታናሽ እህቷ ከተቀጠረች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ ግን የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተሯ ጠዋት ሲገቡ ሰላም የሚሉት ታናሺቱን አስቀድመው ነው። ታላቅየዋ ይህን ትቆጥራለች። በልጅነታቸውም ትቆጥር ነበር፤ እናታቸው «የኔ ብልህ» ስትል ዓይኗ ወደ ማን እንደሚሄድ ያኔም ታውቃለች።

አሁን ደግሞ ታናሺቱ አዲስ ዳታቤዝ ሠርታ መጣች። ያላስማማቸው ታካሚን ከታካሚ የሚለየው መለያ ነው፣ ፕራይመሪ ኪይ የሚባለው። ታላቅየዋ ያኔ ስልክ ቁጥርን መርጣለች። ታናሺቱ ከአንድ ጀምሮ በተራ የሚሰጥ፣ ምንም ትርጉም የሌለው ቁጥር አደረገችው።

«ስልክ እኮ ይቀየራል፣ እትዬ። ሲቀየር የላቦራቶሪውም፣ የመድኃኒቱም፣ የቀጠሮውም ሰንጠረዥ አብሮ ይቀየራል። ተራ ቁጥር አጭር ነው፤ ፍለጋውም ይፈጥናል።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ ሲሠራ አንቺ የት ነበርሽ?»

«ትምህርት ቤት» አለች ታናሺቱ ሳቅ ብላ።

ዶክተሯ ሁለቱም በአንድ ዓይነት መረጃ ተሞልተው እንዲቀርቡ አዘዙ። የተሻለው ሥራ ይጀምራል፣ ሌላው ይዘጋል። የስምንት ዓመት ክብሯ በዚያ ፈተና ላይ ተንጠለጠለ።

በቀኑ ሦስቱም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ።

«የማንን ካርድ እንፈልግ?» አሉ ዶክተሯ።

«የእናታችንን» አለች ታላቅየዋ ቀድማ። የእናቷን አዲስ ስልክ በቃሏ ይዛዋለች፤ ታናሺቱ እንዳልያዘችው እርግጠኛ ናት።

ቁጥሩን በራሷ ዳታቤዝ ላይ ጻፈች፤ ካርዱ እስኪከፈት አሥራ አንድ ሰከንድ ፈጀ። «የመድኃኒት አለርጂ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ታላቅየዋ ቁጥሩን ደግማ አየችው፤ ልክ ነው። ፔኒሲሊን እናታቸውን ሊገድላት ደርሶ ነበር፤ ያንን ያስመዘገበችው ራሷ ናት።

ነገሩ ወዲያው ገባት። ስልክ መቀየር ሰንጠረዡን ሁሉ ስለሚነካ ሲስተሙን ቀጥ ያደርገዋል። ስለዚህ ሰልፍ ሲበዛ የካርድ ክፍል ሠራተኞች በአዲሱ ስልክ ሌላ ካርድ ይከፍታሉ። ይህን ስታይ ኖራለች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖባት እንጂ። አለርጂው በአሮጌው ካርድ ላይ ቀርቷል።

ታናሺቱ በራሷ ዳታቤዝ በስም ፈለገች። ገና ጣቷን ሳታነሳ አንድ ካርድ ተከፈተ፣ አለርጂው በቀይ ተጽፎ።

«መረጃው አንድ ነው አላላችሁም? ያኛው ለምን ባዶ ሆነ?» አሉ ዶክተሯ።

«ጠዋት መረጃውን ወደ ሁለቱም ስገለብጥ ተሳስቼ ይሆናል» አለች ታናሺቱ ቶሎ ብላ።

ታላቅየዋ ዞር ብላ አየቻት። ለካ ልጅቷ ጠዋት ሁለቱን ካርዶች አግኝታ በአዲሱ ዳታቤዝ ውስጥ አጣምራቸዋለች፤ አሁን ደግሞ ጥፋቱን ለራሷ እየወሰደች ነው። ታናሺቱ ብታጋልጣት ለታላቅየዋ ይቀላት ነበር። በደግነትም በለጠቻት፣ ይሄ ከሁሉም አቃጠላት።

«አልተሳሳተችም» አለች። «ጥፋቱ የመረጥኩት መለያ ነው። የእሷ ሥራ ይጀምር።»

ሲወጡ ታናሺቱ ክንዷን ያዘቻት። «ለእማዬ አልነግራትም።»

«እኔ እነግራታለሁ።»

እናቷ ስትሰማ «የኔ ብልህ» እንደምትል፣ ማንን ማለቷም እንደሚሆን ታውቃለች። ስልኳን አወጣችና በቃሏ የያዘችውን ቁጥር መታች።