መቶኛው ሰው

ኒው አልባኒ ካለው የምሠራበት ዌርሃውስ ወጥቼ የመጨረሻ ልጄን ሀኒን ከትምህርት ቤት ፒክ እንዳደረግኳት፣ እህቴ ፍርዶስ ከፈረንሳይ ኮል አደረገችልኝ። የምትኖርባት የገጠር መንደር ሰው እያለቀባት ነው። በአያቶቻቸው ዘመን ስድስት መቶ ነበሩ፤ አሁን ዘጠና አምስት ቀርተዋል። ዘንድሮ እሷ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር ስትገባ፣ ከንቲባው «መቶ ልንሞላ ነው!» ብሎ ለዛሬ ማታ ድግስ ደገሰ።

«ዘጠና ዘጠኝ ሆንን» አለችኝ።

«እንዴት ተደርጎ? አምስት አይደላችሁ እንዴ?»

«ሕዝብ ቆጣሪዋ ስትመጣ ልጆቼ ሁለት ናቸው አልኳታ። ልጅ ይቆጠራል እንዴ? የሰው ዓይን ፈርቼ ነው።»

ደሜ ፈላ። «አብደሻል? ሰው የናፈቀው መንደር ልጅሽን በዓይን ሊበላብሽ? አሁኑኑ ሂጂና ሦስት ናቸው በያቸው!»

ብዙም ሳይቆይ በቪዲዮ ደወለች። ከንቲባው ትንሹን ልጇን ትከሻው ላይ አውጥቶ ይጨፍራል፤ ሽማግሌዎቹ ያጨበጭባሉ፤ የመንደሩ ሰሌዳ ላይ መቶ ተጽፏል። የመኪናዬን መሪ እንደያዝኩ እልል አልኩ።

«ማም፣ ዩ ዲድ ኢት ቱ» አለች ሀኒ ከጎኔ። «ጎረቤታችን ስትጠይቅሽ ልጆቼ ሦስት ናቸው አልሽ። እኔ እኮ አራተኛ ነኝ።»

 ሰፈራችን ሚነርቫ ፓርክ ስንደርስ ጎረቤታችን አበባ ታጠጣለች። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ጮህኩ፤

«አራት ናቸው! ልጆቼ አራት ናቸው!»