ግማሽ ቃል

በዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ላይ መምህር ባምላክ ሦስተኛውን ስላይድ ሊያሳይ ሲል የአዳራሹ የኋላ በር ተከፈተና አክስቱ ወይዘሮ ጥሩዬ ገቡ።

ነጠላቸው ለበዓል የሚወጣው ነበር። የአራተኛ ዓመት ተማሪዋ ፋና ክንዳቸውን ይዛ በሰዎች ጉልበት መካከል እያሳለፈች ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ባምላክ ሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ «ማኅበረሰቡ በሌለበት ስለ ማኅበረሰቡ አናወራም፤ የምታውቁት አርሶ አደር ካለ ጋብዙ» ብሎ ነበር። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ እንደ ሌላው ንግግሩ ጽፈው ደብተራቸውን ዘጉ። ፋና ግን ከአዘና መንገድ ወጣ ብላ ካለችው ከእነ ወይዘሮ ጥሩዬ ቀበሌ የመጣች ልጅ ናትና የመምህሯን ቃል የምሯን ተቀብላ ደወለችላቸው።

ጣቱ ቁልፉን ተጫነ። የወይዘሮ ጥሩዬ ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶ ወጣ።

ፎቶው ላይ ፊታቸው በከሰል ጥላሸት ጠቁሯል፤ ጎንበስ ብለው ከሚጨስ የአፈር ቁልል ላይ በአካፋ ከሰል ይዝቃሉ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ስሟ ያልተጠቀሰ ከሰል አክሳይ» ይላል። ያነሳቸው እሱ ነው፤ ባለፈው ጥር ሊጠይቃቸው የሄደ ጊዜ። «ቆይ ፊቴን ልታጠብ» ሲሉት «ግድ የለም፣ እንዲሁ ይሻላል» ብሏቸው ነበር።

ወይዘሮ ጥሩዬ ፎቶውን አይተው ፈገግ አሉ፤ ፋናንም በክርናቸው ጎሰም አደረጓት። ባምላክ ዐይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰና በእንግሊዝኛ ማንበቡን ቀጠለ።

የትምህርት መስኩ ድኅረ ቅኝ ግዛት የሚባለው ጥናት ነው። ለዓመታት ስለ ልቦለዶችና ቅኝ ገዢዎቹ ትተውት ስለሄዱት ቋንቋ ሲጽፍ ኖሯል፤ የሚያነበው ግን አላገኘም። ከጊዜ በኋላ መስኩ ፊቱን ወደ አፈር አዞረ። የውጭ አገር መጽሔቶች ስለ ዘር፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ካርቦንና ስለ ዓለም ገበያ ካልሆነ አንቀበልም አሉ። ባምላክም አብሮ ዞረ። ያን ጊዜ ነው ሌላው የሌለው ነገር እሱ እጅ መኖሩን ያስተዋለው፤ ያደገው ዲከረንስ በሚሉት የከሰል ዛፍ መካከል ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ የገብሱን ማሳ ሸፍኖ፣ ምንጩን አድርቆ፣ ከሰል ሆኖ በአይሱዙ አዲስ አበባ ይገባል። አሁን ደግሞ ራሱ በበሽታ እየተመታ መድረቅ ጀምሯል። «እኛ ላይ ባንዲራ የተከለ ባዕድ የለም፤ ዛፍ ግን ተተክሎብናል» የምትለውን ዐረፍተ ነገር ከጻፈ ወዲህ ከሩቅ አገር ደብዳቤ ይመጣለት ጀመር።

ቀጣዩ ስላይድ የአክስቱ ቃል ነበር። «ይህ ዛፍ አፈሩን መጠጠው፤ ምንጫችንንም አደረቀው።»

ብለዋል። በስልኩ የቀዳው ድምፅ ላይ ግን በዚህ አላበቁም። ትንፋሽ ወስደው «ቢሆንም እግዜር ይስጠው፤ እህቴ ስትሞት ይህን ልጅ ያሳደገልኝም ያስተማረልኝም እሱ ነው» ብለው ወደ ባምላክ እየጠቆሙ ሲስቁ ይሰማል። እሱን ቆርጦ ጥሎታል።

ፋና ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር በአዊኛ በጆሯቸው ታንሾካሹካለች። ባምላክ እያነበበ የአክስቱ ፈገግታ መቼ እንደሚጠፋ ይጠብቃል። ላቡ በጀርባው ወረደ፤ እንጅባራ ግን በዚያ ጠዋት ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም ነበር።

አንብቦ ሲጨርስ ከባሕር ማዶ ሆነው በስክሪኑ የሚከታተሉት ሴት ፕሮፌሰር ጠየቁት። «እኚህ ሴትዮ ከዛፉ ያገኙት ጥቅም በጭራሽ የለም? በቅርብ ታውቃቸዋለህ?»

«ምንም የለም» አለ ባምላክ። ከዚያ ማንም ሳያስገድደው ጨመረ፤ «ለጥናቱ ስል ያገኘኋቸው ሰው ናቸው።»

የፋና ከንፈር ቆመ።

ወይዘሮ ጥሩዬ «ምን አለ?» ሲሉ ከመድረኩ ድረስ ተሰማው። ፋና አንገቷን ደፋች። ደግመው ጎሰሟት። ሲነገራቸው ባምላክ ያወቀው ከእጃቸው ነው፤ የነጠላቸውን ጫፍ ቀስ ብለው ሳቡና አፋቸውን ሸፈኑ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ስብሰባውን የሚመራው ዶክተር አወቀ ይህን ሁሉ አላየም። ፎቶው ላይ ያለው ጥቁር ፊትና ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ንጹሕ እናት አንድ መሆናቸውንም አላወቀም። «ከገጠር ድረስ የመጡ እናት አሉን፤ እስቲ አንድ ቃል ይበሉን» አለና ማይክሮፎን ላከላቸው።

ወይዘሮ ጥሩዬ ተነሡ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጆቼ» አሉ በአማርኛ። «መምህሩ የተማረ ነው። ያለው ልክ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ቢያጋልጡት ይሻለው ነበር፤ ያ ጭብጨባ እስኪያልቅ እድሜ ልኩን የቆመ መሰለው።

ለምሳ ሲወጣ አክስቱንና ፋናን ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«መቼ መጡ?»

«በጠዋቱ ሚኒባስ። ፋና ‹መምህር ባምላክ ስለ ዛፋችን ሊናገር ነው› ስትለኝ ደስ አለኝ። ድንገት ሲያየኝ ደስ ይለዋል ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

«እዚያ ውስጥ ለምን ልክ ነው አሉ?»

«ምን ልበል ታዲያ? ያሳደግኩትን ልጅ በሰው ፊት ላዋርድ?» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ዛፉ አፈሩን መጥጧል። ምንጩ ሲደርቅ ከታች ከወንዙ ውሃ የተሸከምኩ እኔ ነኝ፤ ለኔ አይነገርም። ግን አብልቶናልም። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ አንጠልጥለህ ለምን ወጣህ?»

«እነሱ የሚፈልጉት…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«አላውቃትም ማለቱንስ? እሱንም ፈልገውት ነው?»

ባምላክ የያዘውን ወረቀት አጠፈ።

«ያን ጊዜ ፊቴን ልታጠብ ስልህ የከለከልከኝ ለዚህ ኖሯል?»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልጨከነም፤ ያልገባቸውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የጠየቁት። ባምላክ ፊቱ ነደደ። ፋና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«መምህር፣ ‹ስለ ሌላው እናገራለሁ የሚል የሌላውን አፍ እንዳይዘጋ ይጠንቀቅ› ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ፈተና ላይ ጽፌው ሙሉ ነጥብ ሰጥተውኛል።»

ከኋላ ዶክተር አወቀ እየሳቀ መጣና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «እንኳን ደስ አለህ! ጽሑፍህ ከጉባኤው ለሚወጣው መጽሐፍ ተመርጧል። ከሰዓት አምስት ደቂቃ አለህ፤ መደምደሚያ ትሰጥበታለህ።» ወደ ወይዘሮ ጥሩዬም ዞሮ «እናታችን፣ ምሳ ተዘጋጅቷል እኮ፤ ይግቡ እንጂ» አለ።

አክስቴ ናቸው ለማለት ባምላክ አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ዶክተር አወቀ ጥቂት ጠበቀውና የሚናገር እንዳልሆነ ሲያይ ሄደ። ወይዘሮ ጥሩዬ ይህንንም አዩ።

«በል እኔም ልሂድ» አሉ ተነሥተው። «ሚኒባሱ ሳይሞላ ልድረስ።»

«ከሰዓት ይቆዩልኝ።»

«ደግሞ ምን ልሰማ?»

«ይቆዩልኝ ብቻ፣ አክስቴ። እለምንዎታለሁ።»

ወይዘሮ ጥሩዬ ደረጃው ላይ መልሰው ተቀመጡ። ፋና ምሳ አምጥታ አበላቻቸው። ባምላክ አንድ ጉርሻ እንኳ አልወረደለትም፤ ከአዳራሹ ጀርባ ብቻውን ሲዞር ቆየ። መጽሐፉ ውስጥ መግባት ለሱ ምን እንደሆነ ያውቃል። የዘገየው እድገቱ አለ፤ ስሙ ከትልልቆቹ ስም ጎን ይጻፋል። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። አክስቱ ለሰው አይናገሩም፤ ፋናም ብትሆን የሱ ተማሪ ናት። ያጎረሰውን እጅ ነክሶ ዳግመኛ ሊጎርስ ነው፤ የሚያስደነግጠው ነገር ቢኖር ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነበር።

ከሰዓት ስሙ ሲጠራ ወደ መድረኩ ወጣ። ስክሪኑ ላይ ፕሮፌሰሯ እስክሪብቶ ይዘው ይጠብቃሉ። አክስቱ ያው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ ዐይናቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ያዘጋጀውን የእንግሊዝኛ ወረቀት ዘርግቶ የመጀመሪያውን መስመር ተመለከተ፤ ከዚያ ደፋው።

«ፋና፣ ነይ አጠገቤ ቁሚ» አለ። «እኔ በአዊኛ ልናገር፤ አንቺ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሽዋለሽ።»

ዶክተር አወቀ ግራ ተጋባ። «ባምላክ፣ እንግዶቻችን እኮ ሰዓት የላቸውም።»

«መጀመሪያ መስማት ያለባቸው እኚህ ናቸው» አለ ባምላክ፤ ወደ ሁለተኛው ረድፍ እየጠቆመ። «ሌላው ከሳቸው በኋላ ይሰማል።»

በአዊኛ ሰው ፊት ከተናገረ ስንት ዘመኑ። ትምህርት ቤት ልጆች ከሳቁበት ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ብቻ የሚናገረው ቋንቋ ነበር፤ ቤቱም ሲርቅ እሱም ራቀ። ቢሆንም ጀመረ። እኚህ ሴት የእናቴ እህት ናቸው፤ ስማቸው ጥሩዬ ነው አለ። ያሳደጉኝ እሳቸው፣ ያስተማረኝም ያ ዛፍ ነው አለ። ፋና በጠራ እንግሊዝኛ ተከተለችው። ወይዘሮ ጥሩዬ ቀና አሉ።

«ጠዋት ስጠየቅ…» ብሎ በአዊኛ ቀጠለና ቆመ። ቀጣዩ ቃል ጠፋበት። በልጅነቱ ሲያጠፋ አክስቱ ስንት ጊዜ የተቆጡበት ቃል ነው። ፈለገው፤ አልመጣለትም። ፋና ታውቀዋለች፤ ግን ዝም ብላ ጠበቀችው። በአማርኛ ብሎት ማለፍ ይችል ነበር።

ማይክሮፎኑን ከአፉ ሳያርቅ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ዞረ።

«አክስቴ» አለ። «‹ዋሸሁ› በአዊኛ እንዴት ነው የሚባለው?»

ወይዘሮ ጥሩዬ ተነሥተው ወደ መድረኩ ጠጋ አሉ። ከዚያ ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነገሩት፤ እሱም ቃሉን ተቀብሎ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማው ጮክ አድርጎ ደገመው።