ቬንትሌተር ያለው ቤት

የኔነሽ ቤት ፍለጋውን እንደ ሠርግ ነበር ያደራጀችው። አከራያቸው ቤቱን ለልጇ መዳሪያ እንደምትፈልገው በተናገረች ማግስት ድሬዳዋን ከፋፍላ አደለቻት፤ ሳቢያንን ለማኅበር ጓደኞቿ፣ መጋላን ዘመድ ለማያጣት ለጎረቤቷ ለቱሪያ፣ የቀረውን ሁሉ ለደላላው ለዐብዲሰላም። ሁለት ክፍል፣ ውሃ የማይጠፋበት፣ ለልጇ ለዮርዲ ትምህርት ቤት የሚቀርብ። ለባሏ ለሰይፈ ሚካኤል ምንም ድርሻ አልሰጠችውም። ትራንዚተር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ለማስለቀቅ ሲሯሯጥ ይውላል፤ አዘነችለት። የሱ ሥራ ማታ ገብቶ «ቤት ተገኘ?» ብሎ መጠየቅና የተገኘውን ማጣጣል ነበር።

ማጣጣሉንስ ተክኖበታል። የሳቢያኑ ይርቃል፣ የመጋላው ግቢ ሰው ይበዛበታል፣ የከዚራው ጣሪያው ዝቅ ብሏል፣ ያፍናል። በመጨረሻ ቱሪያ መረራት።

«ናያ የኔነሽ፣ ይሄ ባልሽ የሚፈልገው ቤት ነው ቤተ መንግሥት?» አለቻት።

የኔነሽ ሳቀች። ለቤተሰቡ ተጨንቆ የሚመርጥ መስሏት በልቧ ኮርታበት ነበር። ሞኝ ሆና አይደለም፤ ግን ያመነ ሰው ከሞኝ በምን ይለያል?

ከቤቱ ጣጣ የባሰው ሙቀቱ ነበር። ሰይፈ ሚካኤል ቬንትሌተሩን «ሞተሩ ደክሟል፣ ላሠራው» ብሎ በባጃጅ ጭኖ ከወሰደው ወዲህ ቤቱ እቶን ሆኗል። በግንቦት ድሬ ላይ ያለ ቬንትሌተር መተኛት ምን እንደሆነ የተኛበት ያውቀዋል። የዮርዲ ጀርባ በሙቀት ሽፍታ ተወረረ። ልጅቷ እያከከች ታለቅሳለች፣ እናቷ በካርቶን ቁራጭ እያራገበችላት ታነጋለች። አባትየው «መለዋወጫ ከጅቡቲ እስኪመጣ ነው» ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዐብዲሰላም በር ላይ ቆሞ ተጣራ። ድሬ ውስጥ ሐቀኛ ደላላ ካለ እሱ ነው። ለሱ ባልና ሚስት አንድ ደንበኛ ናቸው፤ ከባል የተቀበለውን ኮሚሽን ከሚስት ደግሞ መቀበል ሐራም ነው ብሎ ያምናል። ከአንዱ ጋር የጀመረውን ጉዳይ ከሌላው ጋር ቢጨርስም ምንም አይመስለውም።

«አቦ የኔነሽ፣ ባልሽ ስልክ አያነሳም» አለና ቁልፍ አቀበላት። «አከራዩ ትርፉን ቁልፍ ሰጥቶኛል፣ ያዢለት። ደሞ አንቺስ ለምንድነው እኔን በከንቱ የምታለፊኝ? ሰውዬሽ ከያዘ እኮ ከረመ።»

«ምኑን?»

«ቤቱን ነዋ። ከደቻቱ ማዶ ያለችውን። አንድ ክፍል ናት፣ ለሦስት ሰው አትበቃም ብዬው ነበር። ‹ለኔ ትበቃኛለች› አለኝ። ወላሂ የሚቀልድ ነበር የመሰለኝ።» ይህን ብሎ ፊቷን ሲያይ ነገሩ ገባው።

የኔነሽ ቁልፉን በመዳፏ ጨበጠች።

«ውሰደኝ» አለችው።

ባጃጁ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ሲሻገር እሷ ለባሏ ጠበቃ ሆና ትሟገት ነበር። ምናልባት የደንበኛ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ምናልባት እናቱን ከገጠር ሊያመጣ አስቦ ይሆናል። የክርክሩን ግማሽ እንኳ ሳትጨርስ ደረሱ።

ቁልፉ ሳያንገራግር ከፈተ። ጠባብ አልጋ፣ በወጉ የተነጠፈ። ሚስማር ላይ ራሷ የተኮሰችው ሸሚዝ። ከአልጋው ግርጌ ቬንትሌተሩ ቆሟል። የሌላ ሰው ነው እንዳትል፣ ዮርዲ ሽቦው ላይ ያሰረችው ቢጫ ሪባን እንዳለ ነው። ሶኬቱን ሰካችው። ያለ አንዳች ኮሽታ ዞረ። ሞተሩን ምንም አልነካውም ነበር።

የሴት ዕቃ ፈለገች፤ ከአልጋው ሥር፣ ከበሩ ጀርባ፣ ከትራሱ ሥር። አጣች። ይህ ከሁሉም በላይ አስደነገጣት። ሌላ ሴት ብትኖር የምትረግማት ታገኝ ነበር። እዚህ ግን ያለው እሷንና ልጁን ጥሎ መሄድ ብቻ ያማረው ሰው ነው።

«ለልጄ በካርቶን ሳራግብ እያየ ነው የተኛው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

«ይቅር በይኝ እህቴ» አለ ዐብዲሰላም ከደጅ፣ አንገቱን ደፍቶ። «አንድ ናችሁ ብዬ ነው።»

«እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው» አለችውና ሶኬቱን ነቀለች። «ና፣ ይሄን አሸክመኝ።»

ማታ ሰይፈ ሚካኤል እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያወለቀ «ቤት ተገኘ?» አለ። ቀና ሲል ነፋስ ፊቱን መታው። ቬንትሌተሩ ከክፍሉ መሀል ቆሞ ይዞራል፣ ቢጫው ሪባን ይርገበገባል። ዮርዲ ፍራሹ ላይ በደረቷ ተዘርግታ፣ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷታል። በሩ ሥር የሱ ሻንጣ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ ትርፉ ቁልፍ ከላዩ ተቀምጧል።



የኔነሽ ከልጇ ራስጌ አልተነሳችም።

«ቤትህ ይሞቃል» አለችው ልጇን እንዳትቀሰቅስ ዝግ ብላ። «ቬንትሌተር የለውም።»