ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰማ ጆሮ

ባሌ ከሞተ በሃያ ሦስተኛው ቀን ጆሮው ደህና እንደነበር ሰማሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ላንቃዬ እስኪሰነጠቅ የጮህኩበት ጆሮ ማለቴ ነው።

ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠራው። ፊደል ለቃሚ ሆኖ ገብቶ የማሽን ክፍል ኃላፊ ሆኖ በጡረታ ወጣ። ያንን ሁሉ ዓመት ማሽን ሥር የኖረ ሰው ቢደነቁር ማን ይገረማል? እኔም አልተገረምኩም። ሐኪም ሳይነግረኝ፣ ምርመራ ሳላይ፣ ደነቆርኩ ስላለኝ ብቻ አመንኩት። ባል አይደል!

ጎረቤቶቻችን የቤታችንን ገመና በሙሉ ያውቁ ነበር። እኔ «ሱሪህን ቀይር!» ስል በመንገድ የሚያልፈው ሰው ጎንበስ ብሎ የራሱን ሱሪ ያያል። የልጅ ልጄ ነርስ ናት፤ አያቷን ለማስመርመር ያልለመነችው ልመና የለም። «ለሞተ ጆሮ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» ይላታል እየሳቀ። በመጨረሻ የመስሚያ መሣሪያ ገዝታ አመጣችለት። አንድ ቀን አድርጎ ዋለና «ያፏጫል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

መጀመሪያ አዘንኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ሲቆይ ነገሩ ጣመኝ። ሰው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው እንደልቡ ማማት መቻሉ ቀላል ነገር ነው? «ያቺ እህትህ ነገ ልትመጣ ነው፤ አፏ ከመጣችበት ሰዓት ጀምሮ አይከደንም» እለዋለሁ፣ ድንች እየላጥኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እሱ ጋዜጣውን ያገላብጣል። «ስታንኮራፋ እኮ የጎረቤት ውሻ ነው የሚመልስልህ» እለዋለሁ። ፈገግ ይላል፤ ጋዜጣው ላይ የሚያስቅ ነገር ያገኘ ይመስለኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዚህ ሰውዬስ ለሚስቱም ባዳ ሆነ እያልኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

በየአሥራ አምስት ቀኑ አንሶላ እናጥፋለን። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ ቢታጠፍም አያምርም። እሱ ሁለቱን ጫፍ፣ እኔ ሁለቱን ጫፍ ይዘን እንወጥረዋለን፤ ከዚያ ወደ መሐል እንራመድና የእሱን ጫፍ ለእኔ ያቀብለኛል። ጣቱ ላይ በዚያ ሁሉ ሳሙና ያልለቀቀ የቀለም ጥቁር ነበር። በትዳራችን እንደዚያ ሰዓት የምንቀራረብበት ሌላ ጊዜ አልነበረንም። የልቤን የነገርኩትም እዚያ ላይ ነው፣ አንሶላ እያጠፍን።

የልቤ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከወንዱ ልጃችን በታች አንዲት ሴት ልጅ ነበረችን። ሚጡ እንላት ነበር። ሁለት ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር፤ ጫማ ስታደርግ ሁልጊዜ የግራውን በቀኝ ነው። ያኔ የነበርንበት ቤት የጓሮ በር ነበረው። መቀርቀሪያው ከውስጥ ብቻ ነው፤ በዚያ የወጣ ሰው ከውጭ ሊዘጋው አይችልም። ከበሩ ማዶ ደግሞ ጀምረው የተዉት ሕንፃ መሠረት ነበር፤ ጉድጓዱ ዝናብ ቋጥሮ ነበር። አንድ ጠዋት፣ እኔ ልብስ እያጠብኩ፣ ቤቱ ጭር አለብኝ። የጓሮው በር ክፍት ነው። ከጉድጓዱ ያወጣኋት እኔ ነኝ። የግራው ጫማ በቀኝ እግሯ ላይ ነበር።

ይኸው አርባ አንድ ዓመት ሆነ።

የዚያን ዕለት ጠዋት በዚያ በር ቆሻሻ ደፍቼ ተመልሻለሁ። መቀርቀሪያውን መልሼዋለሁ? እጄ አያስታውስም። ስንት ጊዜ ጠየቅሁት መሰላችሁ፣ ይሄን እጅ! በሩን ማን ክፍት እንደተወው ከቤታችን ሰው አንድም ቀን የጠየቀ የለም። እኔ ያልጠየቅሁት መልሱን የማውቅ ስለመሰለኝ ነው። ባሌም አልጠየቀኝም። አንዳንዴ ልጀምርለት ስል «ተይው፣ ዝም አይነቅዝም» ይለኝ ነበር። ለእኔ ሲል ነው ብዬ፣ ሊወቅሰኝ ስላልፈለገ ነው ብዬ፣ በልቤ ስንት ጊዜ እግሩን ሳምኩት።

እንግዲህ ጆሮው ከሄደ በኋላ ደፈርኩ። ስለማይሰማኝ ደፈርኩ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን፣ አንሶላውን ወጥረን፣ «በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ልጅህን የገደልኳት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ» አልኩት። ወደ መሐል ተራመደ፣ ጫፉን አቀበለኝ፣ ሰማዩን ቀና ብሎ አየና «ዝናብ ሊመጣ ነው እንዴ?» አለኝ።

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነብኝ፤ አንሶላ ባጠፍን ቁጥር ይቅር በለኝ እለዋለሁ፣ እሱ ስለ አየሩ ያወራኛል። ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

አሁን ወደ ፀጉር አስተካካዩ ልምጣ።

ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉር ቤት ይሄዳል። ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። መላጣ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሰው ሁለት ሰዓት ምን እንደሚቆረጥለት ባላውቅም፣ ከቤት ስለሚወጣልኝ ደስ ይለኛል። ምስኪን ፀጉር አስተካካይ፣ እሱም እንደ እኔ እየጮኸ ይሆናል እያልኩ አዝንለትም ነበር። መልኩን ግን አይቼው አላውቅም። ባሌ ሲሞት ሰውየው ሌላ ከተማ ያለ ልጁ ዘንድ ሄዶ ስለነበር አልቀበረም፤ እንደተመለሰ ለቅሶ ሊደርስ መጣ።

ስድሳ ዓመት ግድም የሆነው ቀጭን ሰው ነው፤ አንገቱ ላይ ጠባሳ አለ። አፉን ሲከፍት ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣውም። ከሃያ ዓመት በፊት ጉሮሮውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እንደዚያው ቀረ አለኝ። ይህንንም የሰማሁት ወንበሬን ስቤ፣ ጆሮዬን አፉ ሥር አድርጌ ነው። የእኔ ጆሮ ደግሞ ግድግዳ ማዶ የወደቀ መርፌ ይሰማል።

«ጨዋታቸው አይጠገብም ነበር» አለኝ።

«የማን?»

«የእርሳቸው ነዋ! ቅዳሜ እርሳቸው ሲመጡ ሌላ ደንበኛ አልቀበልም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስናወራ ነው።»

«ትጽፍለት ነበር?»

«ምን እጽፋለሁ?»

«ይሰማህ ነበር ወይ ነው የምልህ።»

ሳቀ። «እማማ፣ እኔ ስናገር ‹ኧ? ምን አልክ?› የማይሉኝ ሰው በዚህ ከተማ እርሳቸው ብቻ ነበሩ።»

ከንፈሩን እያነበበ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ናት ሚስት፤ ያኔም መውጫ እፈልግለታለሁ። «በመስታወቱ ከንፈርህን እያየ ይሆናል» አልኩት።

«ፊታቸው ላይ ትኩስ ፎጣ ጣል አድርጌ እኮ ነው የምናወራው» አለኝ።

የሻይ ስኒውን ወደ እሱ ገፋ አደረግሁ። እሱ ይህን ሐዘን አድርጎ ቆጠረውና እጄን ያዘኝ።

«ልድፈርና አንድ ነገር ልንገርዎት። እንደ እርስዎ ያለ ይቅር ባይ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። የልጅቷን ነገር ነግረውኛል። መነጽራቸውን ረስተው ተመልሰው፣ ሥራ ሲረፍድባቸው ወደ ማተሚያ ቤቱ በሚያቋርጠው በጓሮው በር መውጣታቸውን። ከውጭ የማይቀረቀር በር! ‹ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ይቅር አለችኝ፤ አንድም ቀን አላነሳችብኝም› ይሉኝ ነበር። ፎጣው ሥር ሲያለቅሱ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ስለ እርስዎ ሲያወሩ ሁልጊዜ ያለቅሱ ነበር።»

አንድም ቀን አላነሳችብኝም! የነገረኝስ መቼ ነው?

«ሻይ ልጨምርልህ?» አልኩት። ሰውየው ምንም ጥፋት የለበትም፤ ሊያጽናናኝ ነው የመጣው። በር ድረስ ሸኘሁት።

ከዚያ የባሌ ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጥኩና ደሜ ፈላ። መጀመሪያ የሐሜቱ ነገር ነው የመጣብኝ፤ እህቱን ያማሁት፣ ኩርፊያውን፣ የእግሩን ሽታ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከእሱ በፊት ሊያገባኝ ስለጠየቀው ሰው የነገርኩት። አፍሬ ፊቴን ሸፈንኩ። ይሄንንስ እሺ፣ ሳቅንም አለቀስንም የባልና የሚስት ነገር ነው። አንሶላው ግን! ያ ሁሉ ይቅር በለኝ! ቀለም የነካው ጣቱ ከጣቴ ጋር እየተነካካ፣ ዓይኔን እያየ፣ «ዝናብ ሊመጣ ነው እንዴ?» አንዲት ቃል ነበረች የሚጠበቅበት። «አንቺ አይደለሽም» ቢለኝ ምን ይጎድልበት ነበር? ሌላውን ባይነግረኝም እንኳ። መነጽሩን ባያነሳ እንኳ።

የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ማለት ይሄ ነው። እውነቱን ለፀጉር ቤት፣ ጀርባውን ለእኔ።

ደግሞ መቼ እንደደነቆረ ትዝ አለኝ። ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ልጃችን አግብቶ ወጥቷል፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ሁለታችን ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት። «በል እንግዲህ፣ ስለዚያ ቀን ዛሬ እናውራ» አልኩት። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን?» አለኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። «ምን?» አለኝ። ያንን ነገር ሦስተኛ መጮህ ሆዴ እንቢ አለና ተውኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እኔ በማግስቱ ለጆሮው የሚሆን ዘይት እያሞቅሁ ነበር።

እሑድ ልጄ መጣ። ልጄ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ አርባ ስምንት ዓመቱ። ከቤት ሲወጣ በሩን ቆልፎ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይገፋዋል፣ ደግሞ ተመልሶ ይገፋዋል። ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ። ሚስቱም ልጁም ያሾፉበታል። በቤታችን «ዘበኛው» ነው የምንለው። ስሙን ያወጣለት አባቱ ነው፤ «ዘበኛው ካለ ማን ይደፍረናል!» ይል ነበር፣ ሁላችንም እንስቃለን፣ እሱም ይስቃል።

ልንገረው ወይስ ልተወው እያልኩ አድሬ ነበር። አባቱን ገና መቅበሩ ነው። ግን የዝምታ ነገር አንገሸገሸኝ። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፀጉር አስተካካዩን፣ ፎጣውን፣ መነጽሩን፣ የጓሮውን በር። «እኔ ነኝ ብዬ አርባ አንድ ዓመት ተቃጠልኩ፤ አባትህ ነበር» አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ወይም ያለቅሳል። ልጄ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«እማዬ» አለኝ፣ «እኔ የመሰለኝ እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«በሩን። የዚያን ቀን ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ኳሴን ላመጣ በዚያ ወጥቼ ነበር። መዝጋቴን አላስታውስም።»

ሰባት ዓመቱ ነበር ያኔ። የሰባት ዓመት ልጅ! እንዴት አላየሁትም? የራሴን እጅ ስመረምር የእሱን እጅ ሳላይ ቀረሁ። ይሄኛው በማንም አይሳበብም፣ የእኔ ነው።

«ታዲያ ምነው ለአንድ ሰው እንኳ ብትነግር፣ ልጄ?»

«ነግሬያለሁ» አለኝ። «አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ ማተሚያ ቤት ምሳ ሳደርስለት፣ ለአባዬ ነገርኩት። ማሽኑን አጥፎ ሰማኝ።»

አጥፍቶ ለማለት አንደበቱ ተሳስሮበት ነው። እንደ ልጅ ይንተባተብ ጀመር።

«ምን አለህ?»

«አቀፈኝ። ራሴን ዳበሰኝ። ‹እኔ ይቅር ብዬሃለሁ› አለኝ። ‹ለእናትህ ግን እንዳትነግራት፤ እሷ አትችለውም› አለኝ።»

ጎትቼ ደረቴ ላይ አስደገፍኩት፤ ሸበቶውን ጭንቅላት፣ አባቱ የዳበሰውን። የእኔን ይቅርታ ልመና ሰምቶ ስለ ዝናብ ያወራው አንጀቴን አሳርሮት ነበር፤ ይሄኛው ግን ምኔን እንዳደረገው ቃል የለኝም። ባላጠፋው ጥፋት ልጁን ይቅር አለው። ከዚያም ዘበኛው ብሎ ስም አወጣለት።

አመሻሹ ላይ ልጄ ሊሄድ ተነሳ። በር ላይ ሳመኝና ወጣ፣ በሩን ስቦ ዘጋው። እርምጃው ትንሽ ራቀ፣ ተመለሰና በሩን ገፋ። ራቀ፤ ደግሞ ተመልሶ ገፋ። አርባ አንድ ዓመት የለመደ እጅ በአንድ ከሰዓት አይተውም። ለሦስተኛ ሲመለስ ሰማሁት፤ ከበሩ ማዶ ቆመ።

«ተዘግቷል፣ ልጄ» አልኩት። «ሂድ።»

ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። እሱ ግን ሰማኝ፤ በሩን ሳይነካ ሄደ።