የነሐሴው ፈተና

ሮስኮ ዊንስተድ መቀመጥ አልቻለም። ሌሎቹ ተከላካዮች ከሥሩ በሚሞቀው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው እጃቸውን ያፍታታሉ፤ እሱ ከወንበሩ ጫፍ እስከ ውሃ በርሜሉ፣ ከበርሜሉ እስከ ወንበሩ ጫፍ ይመላለሳል። ዓይኑ ከሜዳው ማዶ፣ በተጋጣሚያቸው በኦማሃ ቡድን ጠርዝ ከተተከለችው ሰማያዊ ድንኳን አልተነቀለም። ድንኳኗ ውስጥ ሐኪሟ የኦማሃውን ተጫዋች ታይሪ ማብሪን እየመረመረችው ነው። ታይሪን ወደዚያ የላከው ደግሞ ሮስኮ ነው፤ በገዛ ትከሻው።

«አባባ፣ ተቀመጥ እንጂ! አንተ ስትንጎራደድ እኔን ደከመኝ» አለው ኬዮን። ኬዮን ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በሠላሳ አራት ዓመቱ የአሜሪካ ፉትቦል የሚጫወት ሰው ለእሱ አባባ ነው።

«ከገባ ስንት ደቂቃ ሆነው?»

«ማን? ያሳረፍከው ሰውዬ? ሰዓት ያዥው ነኝ እንዴ! ይልቅ ድምፁን ሰማኸው? ጧ! እናቱ ቤት ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።»

ወንበሩ ላይ ያሉት ሳቁ። ሮስኮም ጥርሱን አሳየ።

«ማሳረፍ» የሚለው ቃል የኮች ሃልቨርሰን ነው። ሃልቨርሰን በሮስኮ ቡድን፣ በቶሌዶ፣ የተከላካዮች አሰልጣኝ ሆኖ በኖረበት ዘመን ሁሉ «ስበሩት» ብሎ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ሰው አንደበቱን ይጠብቃል። ረቡዕ ዕለት በስብሰባው ክፍል፣ ታይሪ ከሦስት ሳምንት በፊት ተመትቶ ሲወድቅ የሚያሳየውን ምስል አቁሞ የልጁን ጭንቅላት በጠቋሚው ሁለቴ ነካ ነካ አደረገው። «ይሄ ልጅ ገና አላገገመም። መሃል ሜዳ ላይ ለኳስ ሲዘል አንድ ጊዜ አሳርፉት፤ ሁለተኛ አይዘልም» አለ። ከዚያም ወደ ሮስኮ ዞሮ፣ «ሽማግሌው፣ ጓደኛህ አልነበረም እንዴ? ሰላም በልልኛ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሮስኮም አብሮ ሳቀ። ውሉ በዚህ ዓመት የሚያልቅበትና ቦታውን ጎረምሳ የቋመጠበት ሰው፣ ኮች ሲስቅ ይስቃል።

እና ዛሬ በሁለተኛው ሩብ ታይሪ ዘለለ። እጆቹ ሽቅብ ተዘርግተዋል፣ ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው፣ ከፊቱ የሚመጣውን አያይም። ሮስኮ እየተንደረደረ ደረሰ። አንድ ስንዝር ዝቅ ቢል ደረቱን ነበር የሚያገኘው፤ ዝቅ ማለትም ይችል ነበር። አላለም። ይህን የትኛውም ካሜራ ለይቶ አያወጣውም፤ እሱ ግን ያውቀዋል። ዳኛው ቢጫ ጨርቁን ወረወረ፣ ቶሌዶ አሥራ አምስት ያርድ ተቀጣች፣ ኮች ሃልቨርሰን አጨበጨበ።

ታይሪ ቶሌዶ ሳለ ከሮስኮ ጋር አራት ዓመት ልብስ የቀየሩት ጎን ለጎን ነው። ሲያገባ ሚዜው ሮስኮ ነበር። የነሐሴውን ፈተና ያስተማረውም እሱ ነው፤ ዛሬ እንደ እሾህ አላስቀምጥ ያለውም ይኸው ነበር።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የአእምሮ ፈተና ይወስዳል። አሥር ቃላት ይነበቡለታል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያስታወሰውን ይመልሳል፤ ወራትን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይቆጥራል፤ በአንድ እግሩ ይቆማል። ያገኘው ውጤት የእሱ ልክ ሆኖ ይቀመጣል። በጨዋታ መሃል ጭንቅላቱን ሲመታ ያንኑ ፈተና ይደግምና ከነሐሴው ጋር ይተያያል። ካነሰ ይወጣል፤ እኩል ከሆነ ተመልሶ ይገባል። ይህን ያወጡት ሰዎች ደግ አስበው ነበር። ተጫዋች ግን መላ አያጣም። ነባሮቹ አዲሶቹን ጥግ ያስይዙና «በነሐሴ ደደብ የሆነ፣ በታኅሣሥ ይጫወታል» ይሏቸዋል። አሥሩን እያወቅህ አምስት ትመልሳለህ፤ ልክህን አስቀድመህ ካወረድከው ተመትተህም ከልክህ አትወርድም። ሮስኮ ታይሪን መኪና ማቆሚያው ላይ ይዞ፣ «አምስት በቂ ነው። አራት ካልክ ይጠረጥሩሃል፣ ስድስት ካልክ ስግብግብ ነህ» ብሎት ነበር። ያን ቀን ሁለቱም ከልባቸው ስቀዋል።

ድንኳኗ ተከፈተች። ታይሪ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ወጣ፤ የመጣው ሕዝብ ሁሉ፣ የቶሌዶ ደጋፊም ሳይቀር፣ አጨበጨበለት።

«አለፈ! ጠንካራ ነው ሰውዬው» አለ ኬዮን።

ሮስኮ የውሃ ኩባያውን ጨምድዶ ጣለና መመላለሱን ቀጠለ።

በሦስተኛው ሩብ መጀመሪያ ታይሪ ኳስ ተቀብሎ ወደ እሱ መጣ። ሮስኮ ወገቡን አቅፎ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በቀስታ አጋደመው። ሲነሡ ታይሪ በራስ ቁሩ ፍርግርግ ውስጥ ፈገግ አለለት።

«ሮስኮ፣ ስንጨርስ በመኪናህ ታደርሰኛለህ አይደል? የኔ ጋራዥ ናት።»

የታይሪ መኪና ጋራዥ ገብታ በሮስኮ መኪና ሲመላለሱ የነበረው ቶሌዶ እያለ ነው፤ ከሄደ ደግሞ አምስት ዓመቱ ነው። ልጁ ይህን ብሎ ወደ ቡድኑ ሮጠ፤ ሌላ የሰማ አልነበረም።

ጠርዙ ላይ ኮች ሃልቨርሰን ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጥሎ ጠበቀው። «ምንድነው እሱ? አቅፈህ እሹሩሩ ትለዋለህ?»

«ኮች፣ ልጁ ደህና አይደለም። የት እንዳለ አያውቅም።»

«አውቃለሁ! እኔስ ምን አልኩህ? የሚቀጥለውም ኳስ የሚጣለው ለእሱ ነው። ታሳርፈዋለህ ወይስ ኬዮን ያሳርፈው?»

ኬዮን ከኋላው የራስ ቁሩን ማሰሪያ እየቆለፈ ነበር። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ደስታ ብቻ ነበር። ያ ነው ሮስኮን ያስደነገጠው። ከአሥር ዓመት በፊት እሱም እንዲህ ነበር።

«እኔ እገባለሁ» አለ ሮስኮ።

ገብቶ መጀመሪያ የሄደው ግን ወደ ዋናው ዳኛ ነው። «ሰማንያ አራት ቁጥርን አስወጣው። ታሟል።»

«ተመርምሮ አልፏል።»

«ማለፉ ነው እኮ ችግሩ!»

ዳኛው ከላይ እስከ ታች አየው። «የመታኸው አንተ፣ አሁን አዛኝ ቅቤ አንጓችም አንተ? ወደ ቦታህ!»

ወዲያው ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ጨዋታው ቆመ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ማለት ነው። ሮስኮ በሜዳው መሃል አቋርጦ ወደ ኦማሃ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከኋላው ኮች ሃልቨርሰን ስሙን እየጠራ ይጮኻል። አንድም ጊዜ አልዞረም፤ ቢዞር እንደሚመለስ ያውቃል።

«መንገድ ጠፋህ፣ ሽማግሌ? የእናንተ ሰፈር በዚያ በኩል ነው!» አለው አንድ ግዙፍ የኦማሃ ተጫዋች።

«ይቅርታ ሊጠይቅ ነው የመጣው! አበባውስ?» አለ ሌላው።

ሐኪሟ ዶክተር ፔትራኪስ ከድንኳኗ ደጃፍ ቆማ ነበር። የማንም ቡድን ደሞዝተኛ አይደለችም፤ እሷ አይሆንም ያለችውን የትኛውም ኮች ሊያስገባ አይችልም።

«ዶክተር፣ ታይሪ ማብሪን አያስገቡት።»

«የሌላ ሰው ምርመራ ካንተ ጋር አልነጋገርም።»

«አምስት ቃል ነው የመለሰልዎት አይደል? ነሐሴ ላይም አምስት ነው።»

የዶክተሯ እስክሪብቶ ቆመ። «ማን ነገረህ?»

«ማንም። አምስት በል ያልኩት እኔ ነኝ። አሥሩንም ያውቅ ነበር፤ አውቆ ነው ያጠፋው። ቅድም ደግሞ በመኪናህ አድርሰኝ አለኝ። ከእኛ ጋር ያለ መስሎታል።»

የኦማሃ ዋና አሰልጣኝ እየሮጠ መጣ። «እንዳይሰሙት ዶክተር! በትከሻው ያቃተውን በምላሱ ሊጨርስ ነው! ዓይኑን በጨው አጥቦ…»

«አንድ ጊዜ» አለች ዶክተሯ ሳታየው። «ለምን አምንሃለሁ?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሮስኮ ግን ምን እያመለጠው እንደሆነ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ይህን ከተናገረ የእሱም ልክ ይሰረዛል፤ ምናልባትም ከዛሬ ወዲያ ጨዋታ የለም። ፈራ።

«እኔም እንደዚያው ስለማደርግ ነዋ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።»

ይህን ሲል ታይሪ ከኋላው ደርሷል። «ምን እያልክ ነው አንተ? እ? ልጆች አሉኝ እኮ ሮስኮ! መታኸኝ፤ እሺ፣ ሥራህ ነው። ይሄኛው ግን ምንህ ነው? ሚዜዬ አይደለህም እንዴ?»

«መኪናህ የት ናት፣ ታይሪ?»

«ጋራዥ ናት አልኩህ እኮ!»

የሳቀ የለም። ግዙፉ ተጫዋች እንኳ መሬት መሬቱን አየ።

«ታይሪ» አለች ዶክተሯ በለሆሳስ፣ «ዛሬ የምትጫወተው ለማን ነው?»

ታይሪ ጎንበስ ብሎ የገዛ ደረቱን፣ የማልያውን ቀለም አየ። «ለኦማሃ» አለ። ዶክተሯ የራስ ቁሩን ከእጁ ወስዳ ለረዳቷ ሰጠች። ልጁ አልታገላትም፤ ድንኳኗ ውስጥ ገብቶ ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ ተቀመጠ።

ሮስኮ ለመሄድ ዞረ። ማስታወቂያው አልቆ ፊሽካ ተነፍቷል።

«አንተ ወዴት?» አለችው ዶክተሯ።

«ወደ ሥራዬ ነዋ።»

«ነሐሴህን ራስህ ሰረዝከው፤ አዲስ ልክ ሳልይዝልህ ሜዳ አትረግጥም። ግባ።»

«እኔን ማንም አልመታኝም፣ ዶክተር።»

«አንተ ስትመታ ያንተስ ጭንቅላት የት ነበር? ግባ ብያለሁ።»

በድንኳኗ ውስጥ ከታይሪ ጎን ተቀመጠ። ሁለቱ አልተያዩም። ዶክተሯ አሥሩን ቃል ቀስ ብላ አነበበች፦ ድልድይ፣ ሎሚ፣ ኮርቻ፣ ጣት፣ ምንጣፍ፣ ጨው፣ መሰላል፣ ንብ፣ ወረቀት፣ ካርታ። ሮስኮ እግሩን ያርገበግባል። ከሸራው ውጭ የሕዝቡ ጩኸት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ኬዮን በእሱ ቦታ ገብቶ ይሆናል። ግድ የለም፤ ታይሪ እዚህ ነው። ወራትን ከፈረንጁ ዓመት መጨረሻ ከታኅሣሥ ወደ ኋላ ቆጠረ፤ ሰኔ ላይ ትንሽ ተንገዳገደ። በአንድ እግሩ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይደብቅ ሊመልስ ነው። እንደ ጎበዝ ተማሪ አሥሩንም ደርድሮ ሊያሳያት፣ ሲዋሽ የኖረው ምን ያህል እንደሆነ ሊገባት ፈለገ።

«እሺ፤ ቃላቱን በልልኝ።»

«ድልድይ። ሎሚ። ፈረስ።» ዶክተሯ ሦስተኛውን አልጻፈችም። «ካርታ። እ… ይቅርታ፣ አንዴ። ድልድይ፣ ሎሚ…»

ቀና ብሎ ሸራውን አየ። ባለፈው ነሐሴ አምስት ሰጥቶ አምስቱን እንደተወ ነበር የሚያምነው። የትኞቹን ነበር የተወው? አንዱንም ሊያስታውስ አልቻለም። የተወውስ ነገር ነበር?

«ጊዜ አለን» አለች ዶክተሯ።

«ድልድይ…» አለ ሮስኮ።

ታይሪ ፎጣውን ከራሱ ላይ ገለጥ አድርጎ ወደ ጆሮው ተጠጋ። ቁጣው ወጥቶለት ነበር፤ ያዘነለትም ይመስላል። «በቃ ሮስኮ፣ ሁሉን ነግረሃታል እኮ። አሁንማ እያወቅህ አታጥፋ።»

«አውቄ አይደለም» አለ ሮስኮ።