ከጎመኑ ሥር የቀበርኩት

«ማን ሞተባችሁ?» አለኝ አሌክስ።

ወንበሩን በፎጣ ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ መስተዋቱ ሥር የተቀመጠውን ሬዲዮ ዘግቶ፣ እጆቹን አጣምሮ ቆመ። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ሁለት ሰዎችም ከአግዳሚው ተነሡ። መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። ከዚያ ጥቁር ቀሚስ መልበሴንና ነጠላዬን ጭንቅላቴ ላይ ጣል ማድረጌን አስታወስኩ። ሴት ልጅ እንዲህ ሆና ወንዶች ፀጉር ቤት ከገባች፣ ለሐዘን ልትላጭ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ማንም አልሞተም አልኩት። የመጣሁት ለመቆረጥ አልነበረም፤ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር ጠርጎ ከመጣሉ በፊት እንዲሰጠኝ ልጠይቀው ነበር። የምለውን ከሩዋንዳ መታጠፊያ ጀምሬ እየተለማመድኩ መጥቼአለሁ። ሰዎቹ ቆመው ሲያዩኝ ግን ሁሉም ጠፋኝ። ጆንያዬን ዘረጋሁና ወለሉን አሳየሁት።

ለምን እንደሚሆነኝ ጠየቀኝ። «ለአትክልት» ብል ያበቃ ነበር። ነገር ግን «አትክልት» ካልኩ ማስረዳት ይመጣል፤ ሦስት ወንዶች እያዩኝ ስለ ማዳበሪያ መናገር የማልችለው ነገር መሰለኝ።

«ለትራስ ነው» አልኩ።

አሌክስ ሳቀ። የጋሽ ገብረሃንስ ቤት ቁጠባ እዚህ ደርሷል እንዴ ብሎ ጆንያዬን እስከ ግማሽ ሞላልኝ።

መስከረም 1988 ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ የተመረቅሁት በሐምሌ ነው፤ የሥራ ምደባ እየጠበቅሁ ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴ ገብረሃንስ ሠላሳ ዓመት የሕንፃ ቀለም ሲቀባ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። እናቴ ንግሥቲ የዱቄት ጆንያ ፈትታ አንሶላ የምትሰፋ፣ ልብስ ያጠበችበትን ሁለተኛ ውሃ ለሽንኩርቱ የምታፈስ ሴት ናት። ከቤታችን ጀርባ ርዝመቱ አሥር እርምጃ የማይሞላ መሬት አለን። አባቴ ከሥራ ያመጣቸውን ባዶ የቀለም ጣሳዎች ዙሪያውን ደርድሮ ጤና አዳምና በሶብላ ተክሎባቸዋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስታችንም ጎንበስ ብለን እናርማለን። እናቴ ከእያንዳንዱ የቆስጣ ግንድ አንድ የዳር ቅጠል ብቻ ትቀጥፋለች፤ አንድ አንድ እያለ ድስቱ ይሞላል። ካደረ ዳቦ ጋር እንበላዋለን። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ወሬ እናቆምና ድምፁ ሲርቅ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ከዚያ የሚጥም ምሳ አላውቅም።

ያን ዓመት መሬቱ ደክሞ ነበር። ድሮ ገርጂ በኩል ሄደን በነፃ የምናመጣውን የከብት እበት ባለቤቶቹ መሸጥ ጀምረዋል። ፀጉር መሬት ውስጥ ሲበሰብስ ጥሩ ማዳበሪያ እንደሚሆን ያነበብኩት አራት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። እናቴ ማበጠሪያዋ ላይ የቀረውን ፀጉር እንኳ ጠቅልላ እሳት ውስጥ ነው የምትጥለው፤ የሰው ፀጉር ክፉ እጅ ከገባ ይሠራበታል ብላ ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ ዕድር የሄደችበትን ቀን ጠብቄ መደቡን ቆፈርኩ፣ ፀጉሩን በተንኩ፣ አፈር አለበስኩ፣ ከላዩ ሠላሳ ስድስት የጥቅል ጎመን ችግኝ ተከልኩ።

የሚያሳስበን ውሃ ብቻ ነበር። የእኛ ቤት ቧንቧ የለውም። ውሃ የምናገኘው ከጎረቤታችን ከአስማ ነው። አስማና ባሏ ሙዘሚል መንገዱ ዳር የዕቃ ሱቅ አላቸው። ጠዋት ጠዋት አስማ ጎማዋን በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ታሾልክልናለች፤ እሑድ እሑድ እናቴ ከአትክልቱ በሳፋ ታደርስላታለች። ሰባት ዓመት እንዲሁ ኖረናል። ዝናቡ ከመስቀል በኋላ ሲያቆም አትክልቱ የሚኖረው በእሷ ጎማ ነው። ጎማው ከቀረ ጎመኑ በሳምንት ይደርቃል፤ እናቴ ደግሞ እስከ ገና ጾም ፍቺ ድረስ ልታበላን ያሰበችው ከዚያ መደብ ነበር።

መጀመሪያ ሳፋው ተመለሰ። አስማ ቆስጣውን እንዳለ ይዛ መጣችና፣ ሙዘሚል ሆዱን አሞት ስለተኛ የሚበላው ሰው የለም አለች። እናቴ ልጠይቀው ልግባ ስትላት፣ ተኝቷል ብላ በሩ ላይ ቆማ አሰናበተቻት። እኔን ሰላም ስትለኝ ፊቴን አላየችም። የምታየው እጆቼን ነበር።

በማግስቱ ጎማው አልመጣም፤ ለቤት ብቻ የሚበቃ ውሃ ከሩቅ ቦኖ ቀዳን። አስማን ብንጠይቃት ግፊት የለውም አለች። በሦስተኛው ቀንም የለውም አለች። ግን ጠዋት በርሜሏ ሲሞላ ይሰማናል። አባቴ ሰው አይጠረጥርም፤ እሱ እንኳ አጥሩ ሥር ሄዶ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈ።

«ገንዘብ ሲመጣ ጎረቤት ይከብዳል» አለች እናቴ።

ከዚያ በኋላ እኛ ቤት አስማ ስታስል እንኳ ለምን አሳለች ይባል ጀመር። ከዚህ በፊት ያደረገችው ሁሉ እንደገና ይታሰባል። አምና ለዘመን መለወጫ የሰጠችን ብርጭቆ የተሰነጠቀ ነበር። ባለፈው ሰኔ አጥሩን ስታጠብቅ አንድ ክንድ ወደ እኛ ገፍታለች። እናቴ ይህን ሁሉ የምትናገረው በሹክሹክታ ነው፤ እኔም ዝም ብዬ እሰማለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ችግኞቹን ሳይ ከሁለቱ ሥር አፈሩ ተነካክቷል። ተቆፍሮ መልሶ ተደልድሏል። ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ስድስቱም አሉ። በማግስቱ አራት ችግኝ ሥር ተነካ፤ አሁንም የጎደለ የለም። ምንም የማይወስድ ሌባ አላውቅም።

እናቴን ከማስደንገጥ ዝም ልል ነበር፤ እሷ ግን ቀድማኝ አይታው ኖሯል። ሌባ ካልወሰደ የሆነ ነገር ቀብሯል ማለት ነው አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ጠበል አምጥታ ከመደቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ረጨች። ከቆስጣውም መቅጠፍ አቆመች።

እኔ በዚህ የማላምን ሰው ነኝ። ቢሆንም ማታ ከምድጃው አመድ ዝቄ በችግኞቹ መሃል ነሰነስኩ። ለምን ስባል ለቀንድ አውጣ ነው አልኩ። ጠዋት አመዱ ላይ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ዱካ ተገኘ። የግራው ተረከዝ በጋለ ቢላዋ የተበየደ ነው። የበየደው አባቴ ነው፤ በክረምቱ የአስማ ጫማ ተቀዶ እኛው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያጣብቅላት አጠገቡ ነበርኩ።

ዱካውን በእግሬ አጠፋሁት። አራት ዓመት ሳይንስ የተማርኩት እኔ፣ በዚያች ጠዋት አስማ አንድ ነገር ቀብራብናለች ብዬ አመንኩ። እናቴ ወደ ገበያ እንደወጣች በጣቴ የመጀመሪያዎቹን ችግኞች ሥር ፈለፈልኩ። ጨርቅም፣ ክታብም፣ አጥንትም የለም። ወደ ውስጥ ጨመርኩ። ባዶ አፈር ነው። ለረጅም ጊዜ አፈሩን ሳገላብጥ ቆየሁና ምን እንደጎደለ ታየኝ። የቀበርኩት ፀጉር የለም።

በማግስቱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ተነሥቼ ከጓዳው በር ጀርባ ቆምኩ። ገና ሲነጋጋ አስማ በአጥሩ ጥግ ቆርቆሮው በተላቀቀበት ክፍት ጎንበስ ብላ ገባች። ጎመኑ መሃል ተንበረከከች። በግራ እጇ ችግኙን ደግፋ፣ በቀኟ ሥሩን ትፈለፍላለች። ያገኘችውን አፈሩን እያራገፈች ፌስታል ውስጥ ትከታለች። ስትጨርስ አፈሩን መልሳ በመዳፏ ትጠቀጥቃለች። አንድም ቅጠል አልሰበረችም።

ወጣሁ። «እትዬ አስማ» አልኩ።

አልደነገጠችም። ከተንበረከከችበት ቀና ብላ አየችኝ።

«ለአሌክስ ለትራስ ነው ያልሽው» አለች። «ትራስ መሬት ውስጥ ይቀበራል?»

ስትጠብቀው የቆየችው ቀን ስለነበር ድምፅዋን ሳታሰማ ሁሉንም ነገረችኝ። ሙዘሚል የሚቆረጠው አሌክስ ጋ ነው። ቀጥሎ ሊቆረጥ ሲሄድ አሌክስ፣ ያለፈው ፀጉርህ የገብረሃንስ ልጅ ትራስ ውስጥ ገብቶልሃል፣ ሚስትህ እንዳትሰማ ብሎ ቀለደበት። ቤት መጥቶ ሲነግራት ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ የመጨረሻው ዝናብ ሲያጥበው ፀጉሩ ከጎመናችን ሥር ብቅ ብቅ ሲል በአጥሩ ቀዳዳ አየችው። በዚያው ሳምንት ሙዘሚል ተኛ። ጤና ጣቢያ አሜባ ነው አሉት፤ መድኃኒቱን ጨረሰ፤ አልተሻለውም።

«አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

እኔ በጫማ ዱካ ብቻ ምን እንዳልኩ አውቃለሁ። ማዳበሪያ ነው አልኳት። ፀጉር ሲበሰብስ መሬት እንደሚያበረታ፣ ከመጽሐፍ እንዳነበብኩት፣ የማን ፀጉር እንደሆነም እንደማላውቅ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አራት ዓመት ተመላልሰሽ የተማርሽው ይሄን ነው?»

«ይሄም አለበት።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽ?»

«አፈርኩ» አልኩ።

«ምንም ያልሠራ ሰው ምን ያሳፍረዋል?»

አስማ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። እናቴን እንድጠራ፣ የነገርኳትን በእናቴ ፊት እንድደግመው፣ ከዚያም የቀረው አንድ ክር ሳይቀር እንዲወጣ እንደምትፈልግ ተናገረች። ካልወጣ ውሃውን ለዘለዓለም እርሱት አለች።

እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች። ነገርኳት። ከጣሳዎቹ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አፏን በእጇ ያዘች።

«እኔ ያንቺን እጅ ጠርጥሬ ጠበል እረጫለሁ» አለቻት አስማን፤ «ጉዱ ለካ ከገዛ ቤቴ ነው።»

«እኔ የቀበርኩ መስሎሽ?» አለች አስማ።

«ታዲያ በሰው አትክልት ውስጥ በጎህ ምን ትሠራለች ልበል?»

ሁለቱ ተያዩ። ሰባት ዓመት ሲተዋወቁ የኖሩ ሰዎች እንደዚያ ሲተያዩ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ ያን ጊዜ በአንድ ወገን እንደሆኑ ገባኝ።

ችግኞቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ እርጥብ ጆንያ ላይ አጋደምኳቸው። አባቴ ሳይጠራ አካፋ ይዞ መጣና መደቡን እስከ ክንድ ጥልቀት ገለበጠው። ፀጉር ክፉ ማዳበሪያ እንዳልሆነ፣ ድሮ አንድ ጣሊያን አሠሪው ለጽጌረዳ ሲያደርገው እንዳየ ሊናገር ጀምሮ ነበር፤ እናቴ አንተ ቀለምህን ቅባ ስትለው ተወው። እሷ የዱቄት ወንፊቷን አመጣች። ወንፊቱን ለማንም የማታውሰው ነው። አፈሩን በእሱ እየነፋሁ፣ የቀረውን ፀጉር እየለቀምኩ ለአስማ እሰጣለሁ፤ እሷ ወደ ብርሃን አንስታ እያየች ፌስታሏ ውስጥ ትከታለች።

አራት ሰዓት ላይ ሙዘሚል ጋቢውን ተከናንቦ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ከስቷል።

«ከዚህ ሁሉ የሰፈር ፀጉር የኔን በምን ትለዪዋለሽ?» አላት።

«አልለየውም፤ ሁሉንም ነው የምወስደው። ግባ፣ ብርድ እንዳይመታህ» አለችው።

እስከ ስድስት ሰዓት ነፋሁ። አስማ ባዶ የቀረውን መደብ በእግሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዳ፣ ሁለት ቦታ ጎንበስ ብላ ፈልጋ፣ ፌስታሉን ሁለት ጊዜ ቋጥራ በክፍቱ ወጣች። ስለ ውሃው አላነሣችም። እናቴ ወንፊቱን ለዱቄት አልመለሰችውም፤ ከጣሳዎቹ ጎን አስቀመጠችው። ችግኞቹን ከሰዓት በኋላ እንደገና ተክለን የልብስ ማጠቢያውን ሁለተኛ ውሃ አካፈልናቸው። ምሽት ላይ ቅጠላቸው ወደ መሬት ተኝቶ ነበር። እናቴ ለሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። እኔም ጠዋት ጠዋት የአስማ በርሜል ሲሞላ እያዳመጥኩ ያመነችኝ ይሆን እላለሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጎማው በአጥሩ ቀዳዳ ገባ። አስማ ውሃውን ከፍታ ሳታናግረን ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከሠላሳ ስድስቱ ችግኝ አሥራ አራቱ አልደረቁም ነበር፤ እነሱን አጠጣሁ።