ቆርቆሮ ላይ የደረቀ አፈር

ከፈለ ጋምቤላ ከተማ ወዳለችው ትንሽ የአፈር ቤተ ሙከራ የመጣው ለስድስት ወር ተብሎ ነበር። ስድስት ወሩ ሰባት ዓመት ሆነ። ዘንድሮ በስንት ልመና ወደ ደብረ ማርቆስ ዝውውር ተፈቀደለትና እዚያው ላለችው ልጁ ለእሙዬ ስልክ ደውሎ፣ «አንደኛ ክፍል ስትገቢ እጅሽን ይዤ የማደርስሽ እኔ ነኝ» አላት። አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ የአቦቦ ወረዳን አርባ ማሳዎች ሪፖርት ዘግቶ እስከ ዓርብ ክሊራንስ መውሰድ። ዓርብ ካለፈ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሪፖርቱን ዘጋው። አርባውንም ማሳ «የሞተ አፈር» ብሎ ፈረመ። የሞተ አፈር ደግሞ ከገበሬው ተወስዶ ለጡብ ይቆፈራል።

ረቡዕ ጠዋት ከገበሬዎቹ አንዷ፣ አኬሎ፣ ከአቦቦ ድረስ መጣች። በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለለችውን አፈር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችለት።

«አሽትት» አለችው። «የሞተ ነገር እንዲህ ይሸታል?»

አሸተተ። ዝናብ የነካው መሬት ሽታ ነው። ይህን ሽታ የሚያወጡት በሕይወት ያሉ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን ከፈለ አሳምሮ ያውቃል፤ ልቡ ድንግጥ አለ።

የቤተ ሙከራዋ ልማድ አፈር ሲመጣ ጣራው ቆርቆሮ ላይ አስጥቶ፣ አድርቆ፣ በወንፊት መንፋት ነው። ለጨውና ለአሲድ ምርመራ ደግ ሥራ ነው። የዘንድሮው ምርመራ ግን የጠየቀው ሌላ ነበር፤ ባክቴሪያዎቹ ይተነፍሳሉ ወይ? ከተነፈሱ፣ ምግባቸውን የሚያቃጥሉበት ኢንዛይም ውኃ የመሰለውን ኬሚካል ቀይ ያደርገዋል። የጋምቤላ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ እንኳን ባክቴሪያ እንቁላል ይጠብሳል። የአርባውንም ማሳ አፈር እዚያ ላይ አስጥቶ፣ ራሱ ገድሎ ራሱ «ሞቷል» አለ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ከፈለ ግን መልቀሚያ ቀን እንኳ የለውም።

«እኔ እያየሁ ሥራ» አለች አኬሎ።

እርጥቡን አፈር የመስታወት ቱቦ ውስጥ ጨምሮ ኬሚካሉን አፈሰሰበትና ከደነው። ለአንድ ቀን ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ማሞቂያው ከተበላሸ ዓመት አልፎታል፤ ግን ክፍሉ ራሱ ከዚያ አያንስምና ጠረጴዛው ላይ ተወው። አኬሎ እህቷ ቤት ልታድር ሄደች። ሰባት ዓመት ሙሉ ለአፈር ሕይወት የደከመ ሰው፣ ያን ቀን «እባክህ አትቅላ» እያለ ቱቦ ሲለምን ዋለ። አፈረ፤ መለመኑን ግን አልተወም።

ሐሙስ ጠዋት ቱቦው ቀይ ሥር መስሎ ጠበቀው። ሊደፋው ሲያነሣ አኬሎ በሩ ላይ ቆማለች።

«ደም መሰለ» አለች፣ ፊቷ ተለዋውጦ። «ቀይ መጥፎ ነው? ሞቷል ማለት ነው?»

አላወቀችም። «አዎ» ቢላት አምና ትመለሳለች፣ እሱም ቅዳሜ አውቶቡስ ላይ ነው። እውነቱን ቢናገር አርባውም ማሳ እንደ አዲስ ይመረመራል፤ ዓርብ ያልፋል፣ ደብረ ማርቆስም ያልፋል። ክፍሉ ጠበበው። መስኮቱን ከፈተ፤ የገባው ያው ሙቀት ነው። የእሙዬ እጅ ትዝ አለው፤ ቀጥሎም የአኬሎን እጅ አየ፤ ጥፍሯ ውስጥ አፈር አለ።

«አይደለም» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ቀይ ማለት ይተነፍሳል ማለት ነው። አፈርሽ አልሞተም። ያመጣሁትን አድርቄ የገደልኩት እኔ ነኝ። እጽፈዋለሁ።»

አኬሎ ቱቦውን ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አንተ ጥሩ ሰው ነህ» አለችው። «ጌታ ይባርክህ። ጌታ ሁልጊዜ እዚሁ እኛ ጋ ያኑርህ።»

ምርቃት ዝም ተብሎ አይታለፍምና ከፈለ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ።